አባዬ የሳለው ጣሪያ

በቅርቡ ፀጉሬን ቀለም ልቀባ ተቀምጬ ሳለ የአሞኒያ ሽታ አፍንጫዬን ሰርስሮ ገባና ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የምትቀባኝ ልጅ ደንግጣ ይቅርታ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ግን በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ደቡብ ዳላስ፣ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ በአሞኒያ ከሚሠራው የሕንፃ ንድፍ ማባዣ ማሽን አጠገብ ቆሜ ነበር።

ቤቱ የሚስተር ካልቪን ቢሮ ነበር። ሚስተር ካልቪን ጥቁር አሜሪካዊ አርክቴክት ነበሩ። በአንድ ትልቅ ድርጅት የኋላ ክፍል ተቀምጠው የሌሎችን ሕንፃ ደረጃና መጸዳጃ ቤት ሲስሉ ዓመታት ካሳለፉ በኋላ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እንዳይታዩ በር እየተዘጋባቸው መሯቸው ወጥተው፣ በሟች አክስታቸው ቤት የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። አባዬን የቀጠሩት፣ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የሕንፃ ሥራ ዲፕሎማ የሚቀበለው አጥቶ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ነበር።

ሰመር ሲመጣ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋና እማዬ ሆስፒታል ሥራ ስለምትውል፣ አባዬ ከሌክ ሃይላንድስ አፓርታማችን ይዞኝ ቢሮ ይሄድ ነበር። በዚያ ሰመር ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የራሱ የሆነ ሥራ አገኘ፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መሰብሰቢያ አዳራሽ። ሰፊውን፣ መሃሉ ምሰሶ የሌለውን ጣሪያ የሳለው አባዬ ነበር። ሚስተር ካልቪን ንድፉን ካዩ በኋላ፣ «የሌላው ሰው ጣሪያ ቢያፈስ ጣሪያው አፈሰሰ ይባላል፤ የእኛ ካፈሰሰ ግን ጥቁሮቹ ድሮም አይችሉም ነው የሚሉት» አሉት። አባዬ ይህንን ማታ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እራቱን እያስተረፈ ይነሳ ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የቢሮው ስልክ እየጮኸ፣ ሲያነሱት ዝም ማለት ጀመረ። አንድ ቀን አባዬ ከትምህርት ቤት ወስዶኝ ቢሮ ሳለሁ ስልኩን እኔ አነሳሁት። አንድ ወንድ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ያ ጣሪያ ሰው ላይ ይወድቃል» ብሎ ሳቀ። ለአባዬ ስነግረው እርሳሱ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚስተር ካልቪን ስልኩን ከእጄ ወስደው ዘጉትና፣ ሁልጊዜ ክፍት የሚውለውን የፊት በር ሄደው ቆለፉት። እኔም ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሥር በተቀመጥኩ ቁጥር ቀና እል ጀመር፤ ክላስ ውስጥም፣ ቅዳሴ ላይም።

ክረምት ላይ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ከተገጠመ በኋላ፣ ከተማው በበረዶ ተጋገረ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሳይወጣ አባዬ ኮቱን ለበሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ መንገዱ እኮ አይስ ነው! እንዴት ብለህ ድራይቭ ታደርጋለህ?» አለችው እማዬ።

«ጣሪያውን በረዶው ከብዶት እንደሆነ ሄጄ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

መኪናው ተመልሶ ፓርክ እስኪያደርግ እኔና እማዬ ከመስኮቱ አልተነቀልንም።

አዳራሹ የተመረቀው በጸደይ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ነበር። መዘምራኑ ገና ሳይጨርሱ ሰማዩ አውሎ ነፋስ ሲመጣ እንደሚሆነው አረንጓዴ ሆነ፣ የማስጠንቀቂያው ሳይረንም ጮኸ። ሰዉ ወደ መኪናው ሊሮጥ ሲጋፋ ሚስተር ካልቪን ወንበር ላይ ወጥተው፣ «ወደ ውስጥ! ወደ ኮሪደሩ ግቡ!» እያሉ ጮኹ። ሁሉም ሲገባ አባዬ ብቻ ባዶው አዳራሽ መሃል ቀና ብሎ ቆሞ ቀረ። ፊቱን ሳየው ገባኝ፤ የፈራው ነፋሱን ሳይሆን የራሱን ሥራ ነበር።

«አባዬ፣ ና!»

ሮጦ መጥቶ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠኝና በላዬ ላይ ጎንበስ አለ። ሚስተር ካልቪን የኮሪደሩን በር በጀርባቸው ደግፈው ያዙት። የነፋሱ ድምፅ የዕቃ ባቡር አናታችን ላይ የሚያልፍ ይመስል ነበር።

«አባዬ፣ ይወድቃል?»

ሌላ ጊዜ «ምንም አይደል» የሚለኝ አባቴ፣ «አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አለኝ።

ጸጥ ሲል በሩ ተከፈተ። መስታወቶቹ ረግፈዋል፣ መብራቶቹ ይወዛወዛሉ፣ ጣሪያው ግን በቦታው ነበር። ሚስተር ካልቪን፣ እኚያ ግዙፍ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አባዬ ወደ ውጭ ወጥቶ ከመኪናችን ጎን አስመለሰው።

ቢሮው ያለበት የአክስታቸው ቤት ግን ዛፍ ወድቆበት ኖሮ ብዙው ንድፍ በዝናብ ራሰ። ሚስተር ካልቪን ሌላ ቢሮ ተከራዩ፤ አዳራሹን ያዩ ሰዎች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አሠሯቸው፤ ጤናቸው እስኪከዳቸው ድረስም ድርጅቱ በስማቸው ቆየ። ያ የስልክ ድምፅ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አናውቅም።

አሁን የምኖረው ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ሳክሲ ነው። ሳይረን ሲጮኽ ልጆቼ ስልካቸውን ያዩና፣ «ኦኬ ነው ማሚ፣ ከእኛ ሩቅ ነው» ይሉኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናቸው። ያኔ ነፋሱ የት እንዳለ የሚነግረን አልነበረም፤ የነበረኝ ጎንበስ ያለ አባትና በር የደገፈ ሽማግሌ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉ ተነግሮኝም፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ድረስ ልጆቼን ኮሪደር አስገብቼ በላያቸው ጎንበስ እላለሁ።