የፈታ ያስር

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ግቢያችንን ጋራዥ አደረገው። ልብስ የማሰጣበት ገመድ ሥር ክሪክ፣ ጉማጅ እንጨትና የግራሶ ቆርቆሮ ተደረደረ። ነጭ አንሶላ ማስጣት ከተውኩ ቆየሁ።

የሥራ ባልደረባው ልጃችን ነበር። ሁለቱ ሲሠሩ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የፈታ ያስር። ሕጉ የመጣው ከአንድ ጉድ በኋላ ነው። የፊት ጎማ ቀይረው ሲወጡ አባት ልጄ አጥብቆታል፣ ልጅም አባቴ አጥብቆታል ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ቀድሟቸው ወረደ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በር ላይ ተደግፎ አገኙት። ሰፊውም «ቆሞ ሲጠብቃችሁ ወንበር ልሰጠው ነበር» እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ ከረመ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የፈታውን ቡሎን ሌላው አይነካም። ግራው የአባት፣ ቀኙ የልጅ ሆነ።

መኪናዋ ልጄና ምራቴ ተጋግዘው የገዟት ናት፤ አሮጌ ብትሆንም አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ምራቴ አዋላጅ ነች። ከወንዙ ማዶ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተመድባለች፤ መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ስለሆነ ሌላ መኪና አይደፍረውም። ታዲያ መሪው ሲጠመዘዝ ከፊት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ፊተኞቹን ጎማዎች የሚያዞሩት አክስሎች መገጣጠሚያቸው ተበልቷል፤ የሚሸፍናቸው ላስቲክ ተቀዶ አሸዋ ገብቶበታል። አባትና ልጅ ሁለቱንም አክስል ከነመገጣጠሚያው ሊቀይሩ ተነሡ።

ባለቤቴ ግራውን ጨረሰ። ልጄ ቀኙን ፈትቶ አዲሱን አስገባና ቡሎኖቹን በጣቱ ብቻ አስያዛቸው። «ነገ አጠብቀዋለሁ፤ ዛሬ ደክሞኛል» አለ። ደክሞኛል የሚል ልጅ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው። ጉበቱ ነው አሉን።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አልመጣልኝም። ሳህን አጥባለሁ፣ የታጠበውን መልሼ አጥባለሁ። ሰው መጥቶ ሲያጽናናኝ አፉን አያለሁ እንጂ ቃሉን አልሰማም። ባለቤቴም ከእኔ አይሻልም። ጠዋት ይወጣና ያለቀለትን ግራ ጎን በጨርቅ ይወለውላል። ወደ ቀኝ ዞር አይልም።

ጎሚስታው ጎረቤታችን «ኧረ እኔ ላጥብቀው፣ አንድ አፍታ አይፈጅም» ቢለው፣ «የፈታ ያስር» ብሎት ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ወንድሜም መጥቶ ለመነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። እኔማ ምን ልበል? መኪናዋ ቆማ ከቀረች ምራቴም አትሄድም። እሷ ከሄደች ደግሞ ከልጄ ምን ይተርፈኛል? ስለዚህ አፌን ዘግቼ ሳህኔን አጠብኩ።

ቅዳሜ ዕለት ምራቴ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ግራው ጎማ ጋ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ሰኞ እዚያ ካልተገኘሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ጨርቁን አገላብጦ መወልወሉን ቀጠለ።

«እዚህ ግድግዳ ሳይ ውዬ ማበዴ ነው። ልሂድ።»

«እኔ መቼ ከለከልኩሽ?»

«ቡሎን ከልክለውኛል እኮ!»

ድሮ ቢሆን ኖሮ ሆዴን ይዤ በሳቅኩ። ባለቤቴ ጨርቁን ጥሎ ተነሣ። መፍቻውን አንሥቶ ወደ ቀኝ ዞረ። በቃ ሊያጠብቀው ነው ብዬ በረንዳው ላይ ቆምኩ።

እሱ ግን መፍታት ጀመረ። በጣት የተያዘ ቡሎን መፍቻ አያስፈልገውም፤ መፍቻውን አስቀምጦ በጣቱ አንድ በአንድ ፈታቸው። ልጄ ያስገባውን አክስል ሳበና አወጣው። ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ሥራ ያ ነበር፤ ግራሶው ላይ የጣቱ ምልክት እንኳ አልጠፋም።

«አንተ ሰውዬ! የልጄን ሥራ ታፈርሳለህ?» ብዬ ጮህኩ። ከቀብሩ ወዲህ የራሴን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው።

አክስሉን ጆንያ ላይ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አጋደመውና ቀና አለ።

«አሁን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «ማሰር እችላለሁ።»

አክስሉን መልሶ አስገብቶ ቡሎኖቹን አጠበቀ። አክስሉ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ትልቁ ዳዶ ሲጠብቅ ጎማው አብሮ እንዳይዞር አንድ ሰው ፍሬን መርገጥ አለበት። ምራቴ ሳትጠየቅ ገብታ ተቀመጠች። «ርገጪ» ሲላት ትረግጣለች፤ እሱ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ይጫናል። ሲያለቅስ አየሁት። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ማልቀስ ቻልን። ለእኔ ግን አሁንም አልመጣልኝም።

እሑድ ጠዋት ምራቴ ሞተሩን አስነሥታ ግቢው ውስጥ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥጉ ጠመዘዘችው። ቀጭ የሚል ነገር የለም። ባለቤቴ ጆሮውን ወደ ቀኙ ጎማ አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ በእጁ ሂጂ አላት። ወርዳ ጉልበታችንን ሳመችና ተመልሳ ገባች። ሄደች።

ባለቤቴ ክሪኩን ሊያስቀምጥ ወደ ጓሮ ዞረ። የግቢውን በር የከፈትኩላት እኔ ነበርኩ። አቧራው እስኪረጋ ቆምኩና እኔው ዘጋሁት።