የተሼ ሦስት ሲጋራና የእኔ ግዝት

ጠዋት የወንድሜ የተሼ ልጅ ደውሎ «አባዬ አረፈ» ሲለኝ «የማን አባት?» አልኩት። አሁንም አላመንኩም። ተሼ ታናሼ ነው እኮ። እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴን ይዤ ቁጭ ብዬ እሱ እንዴት ይቀድመኛል?

ሳንባው ነው አሉ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ፣ ኮልፌ እናታችን ቤት ሳለን፣ ተሼ ሴቼንቶ ታክሲ ይነዳ ነበር። በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ይጨርሳል። እናታችን ሳትሰማ ተማከርንና ፓኮው እኔ ዘንድ ተቀመጠ፤ እየቆጠርኩ እሰጠዋለሁ። ከአሥር ጀምረን፣ በስንት ወር፣ ሦስት ደረስን። በአንዴ ተወው ስለው ይስቃል።

«እታለም፣ በደረጃ ልውረድ፣ በመስኮት አትወርውሪኝ» ይለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። የቀሩት ሦስቱ አናደዱኝ። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ የመጡ ቀን ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ከእንግዲህ አንድም እንዳያጨስ እዚያው ገዘቱት። ተሼ አንዴ አየኝና አንገቱን ደፋ።

የቻለው ዘጠኝ ቀን ነው። በአሥረኛው ቀን ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ሲያጨስ አገኘሁት። ግዝት ያፈረሰ ሰው በምን ዓይኑ ሰው ያያል? ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፤ ዕቃውን ጠቅልሎ አስኮ ገባ፤ አንዱ ፓኮ ሁለት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ብቻ ነበር።

ሰሞኑን እዚህ ገጽ ላይ «ሲጋራ ጨርሶ ይታገድ»፣ «የለም፣ ቁጥጥር ይበጃል» እያላችሁ ስትከራከሩ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ወንድሜ ላይ ሞክሬያለሁ። ቁጥጥሩ እየሠራ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ልጁ ሌላም ነገረኝ። ሆስፒታል ተኝቶ ቄስ እንጥራልህ ሲሉት «እኔ የተገዘትኩ ሰው ነኝ፣ ተዉኝ» ብሏቸዋል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል።

ተሼዬ፣ ስማኝ። ከቤት በወጣህ በዓመቱ የንስሐ አባታችን እግር ላይ ወድቄ ግዝቱን አስፈትቼልህ ነበር። «ሄደሽ ንገሪው» አሉኝ። እኔ ግን መጀመሪያ እሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ ብዬ ጠበቅኩ። ዓመቱ ሲደራረብ ደግሞ መናገሩ አሳፈረኝ። በየለቅሶው አጠገብህ ተቀምጬ ዝም አልኩህ።

ይህን ሁሉ ዘመን የተፈታህ ሰው ነበርክ፣ ወንድሜ። ያልነገርኩህ እኔ ነኝ። ደህና ሁን።