ባና መሥራት አይችልም የተባልኩበት ቀን

በመንግሥት ወረቀት ላይ እኔ ባና መሥራት የማልችል ሰው ነኝ። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ከሰላ ድንጋይ እስከ ጣርማ በር በባና፣ ማለትም በበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ሞቆት የሚያድር ሰው ካለ፣ ግማሹን ያሞቅሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ጎረቤት ሲሸምን በአጥር ቀዳዳ አይቼ ቤቴ ገብቼ ሸመንኩ። የመጀመሪያው ባናዬ ትንሽ ተንሻፎ ነበር፤ እሱንም አልጋው ለተንሻፈፈ ሰው ሸጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ፈታዮችና ሸማኔዎች ማኅበር አቋቋምን። ወረዳው "ከእናንተ አንድ ሰው የብቃት ምዘና ካለፈ አዲሱ የመሥሪያ ሼድ የእናንተ ነው፣ ልጆቻችሁንም ራሳችሁ ታሰለጥናላችሁ። ካላለፈ አሰልጣኝ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ሼዱንም እሱ ይመራል" አለን። አባላቱ በአንድ ድምፅ እኔን መረጡ። እኔም ራሴን መርጬ ነበር። ለመጠባበቂያ ሚስቴ ስትመዘገብ "በእኔ ላይ ደግሞ መጠባበቂያ!" ብዬ ሳቅሁባት።

መዛኙ ከደብረ ብርሃን መጣ። ጎረምሳ ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ገና ሽመናው ላይ ቁጭ ከማለቴ ስልኩን አውጥቶ እጄ ላይ ደቀነ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቪዲዮ ነው ጋሼ፣ ለማስረጃ።"

የማን ማስረጃ? ሆዴ ጠረጠረ። ዛሬ እጄን ቀድቶ ይሄዳል፣ ነገ አንዱ ፋብሪካ የእኛን ባና በማሽን እያመረተ ገበያ ላይ ያራግፈዋል። ባዶ ሼድ ታቅፈን ልንቀር ነው!

ባና ከተሸመነ በኋላ በሚያቃጥል ውሃ እየተነከረ፣ እስኪጠብቅ ድረስ በእግር ይረገጣል። ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው። እኔ ሆዬ፣ ትንሿን ቁራጭ ሸምኜ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩባትና ሦስቴ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ወጣሁ። በልቤ "እንካ፣ ይህን ቅዳ!" እላለሁ።

መዛኙ ቁራጩን አንስቶ ጫን ሲለው ጣቱ በወዲያ በኩል ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ብርድ ይመልሳል?"

"የእኛ አገር ብርድ ጨዋ ነው፣ ካልጠሩት አይገባም።"

መዛኙ ቁራጩን አስቀምጦ "ገና ብቁ አይደሉም" ብሎ ጻፈ። አባላቱ ዞር ብለው ሼዱን አዩት። ልጁን አታለልኩ ብዬ የገዛ ሰዎቼን ጉድ ሠራኋቸው።

ሚስቴ ተነሳች። "እኔም ተመዝግቤያለሁ" አለችና ቁጭ ብላ ሸመነች። ሴት ስትሸምን በሰፈራችን አልታየም፤ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት እጄን ስታይ ኖራለች! ውሃው ሲፈላ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣

"ልጄ፣ እስካሁን የፈለግከውን ቅዳ። አሁን ግን ስልኩ ይዘጋ" አለችው።

"ማስረጃስ፣ እትዬ?"

"ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ የለ? ዓይን የለውም?"

አንገራገረ፣ ወደ አባላቱ አየ፣ ዘጋው። እኔ ይህን ማለት ለምን እንዳልመጣልኝ እስካሁን አላውቅም። ረገጠች፣ ረገጠች። የመዛኙ ጣት አላልፍ አለ፤ እሷ አለፈች።

ሼዱ የእኛ ሆነ። አሰልጣኟ እሷ ናት። የብቃት ወረቀት የሌለው ሰው ሼዱ ውስጥ አይሠራም ስለተባለ እኔ ከልጆቹ እኩል ሠልጣኝ ሆኜ ጠዋት ጠዋት እፈርማለሁ። ሳረፍድ "አንተ፣ ኋላ ተቀመጥ!" ትለኛለች፣ ቁርሴን ያዘገየችው ራሷ ሆና። መዛኙን ግን ዛሬም አላምነውም። ደብረ ብርሃን ገበያ በሄድኩ ቁጥር የማላውቀውን ባና ሁሉ በጣቴ እወጋለሁ።

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ቪዲዮ የለኝም። ኑና ሼዱ በር ላይ ያገኛችሁትን አባል ጠይቁ፤ ሁሉም ቆመው አይተዋል። ሚስቴን ብቻ እንዳትጠይቁ፣ እሷ ጨምራ ነው የምታወራው።