ሰዓቱን አንተ ሙላው

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ነፍስ አባቴ እግር ሥር ተንበርክኬ የሰደብኩትን፣ የዋሸሁትን፣ በጾም ቀን የቀመስኩትን እዘረዝራለሁ። እዚች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። «ሌላም ያላወቅሁት ኃጢአት ካለ ይፍቱኝ አባቴ» ብዬ እነሣለሁ። ያላወቅሁት! እኔ ነኝ የማላውቀው? ቀኑን አውቀዋለሁ፣ ሰዓቱን አውቀዋለሁ፣ የቀደድኩትን ወረቀት እጥፋቱን ሳይቀር አውቀዋለሁ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ ዛሬ የምትሰማኝ አንተ ነህ። አንተ እንኳ ቁጭ በል። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ይህችን ታህል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ የሱቄን በር ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ሰዓት ሠሪ ነኝ። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ጎንደር ፒያሳ ላይ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ሰዓት ሆድ ስከፍት ኖሬአለሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ኩራቴ ግን የሽማግሌ ነበር። የከተማው ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእኔ ሰዓት ነበር። ሹማምንቱ ሳይቀሩ ማኪናቸውን አቁመው በመስኮት «ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔም ቀና ሳልል እመልስላቸው ነበር። አይ እኔ! ሰዓት የፈጠርኩ ነበር የሚመስለኝ።

በዚያን ጊዜ ሰባት ሆነን አንድ ማኅበር አቋቋምን። ሐሳቡ የደምሴ ነበር፤ ደምሴ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ባለ ሦስት እግር ረጅም መነጽር ከገበያ ገዝቶ አመጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሽት እሱ ቤት ሰገነት ላይ ተሰብስበን የጨረቃን ጉድጓድ፣ በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩትን ትንንሽ ኮከቦች እናይ ነበር። በየወሩ መጀመሪያ «በዚህ ወር በሰማይ የሚታይ» የሚል ማስታወቂያ ጽፈን ሱቄ በር ላይ እንለጥፋለን። ስማችን የሰማይ ተመልካቾች ማኅበር ነበር፤ ይኸው ማኅበር የሚለው ቃል ጣጣ አመጣብን። አላፊ አግዳሚው «የማን ማኅበር ነው? የሚካኤል ነው የጊዮርጊስ?» ይለናል። አንዱ ቀልደኛ «የጨረቃ ነዋ! ጠበል ጻዲቁን ማን ይቀምስላቸዋል?» አለና ከተማው ሁሉ ሳቀብን። እኛም አብረን ሳቅን።

ከሰባታችን አንዱ የኔታ ላእከ ነበሩ። ስሙን በማልጠራው አንድ ደብር ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል በጣታቸው አንጓ የሚያሰሉ ሊቅ ናቸው። መጀመሪያ ቀን በመነጽሩ ጨረቃን አይተው «ኤዲያ! ይኸማ ከብት የረገጠው ማሳ ነው» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። በዓይን ስድስት ብቻ የሚታዩትን የተጠጋጉ ኮከቦች በመነጽር ሲያዩ ብዙ ሆኑባቸውና ለእያንዳንዱ ኮከብ አንድ ጠጠር መሬት ላይ እያኖሩ ይቆጥሩ ጀመር። «የኔታ ዛሬ ስንት ቆጠሩ?» እያልን እናሾፍባቸዋለን። ነገር ግን ይህችን ቀልድ ከደምሴ ግቢ አናወጣትም ነበር። ምነው ብትል፣ ውጭ ኮከብ ቆጣሪ ማለት የእናትህን ስም ጠይቆ ዕድልህን የሚነግርህ፣ ሲከፋም ድግምት የሚደግምብህ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው አንዴ ኮከብ ቆጣሪ ከተባለ እንጀራው ተቆረጠ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር ስልህ ልብ ብለህ ያዝልኝ።

ደምሴ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሲሄድ መነጽሩን ለማኅበሩ ተወልን፤ ለእኔ ደግሞ ህንዳዊ ባልደረባው የሰጠውን ስለ ፀሐይ ግርዶሽ የታተመች አንዲት የወረቀት ቅጠል አስረከበኝ። ፀሐይ በእኛ አገር በኩል ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ እንደምትጨልም፣ ቀኑም የሁዳዴ መግቢያ ሰኞ እንደሆነ፣ ሰዓቱም ዘጠኝ ከሩብ እንደሆነ ከቅጠሏ አገኘን። ማስታወቂያውን ለመጻፍ የኔታ ሱቄ መጡ። ብራናና መቃ የለመደ እጃቸው ሲጽፍ ማየት እንዴት ሸጋ ነበር! ቀኑን ጻፉ፣ ቦታውን ቀሐ ሜዳ ብለው ጻፉ፣ «ዓይናችሁ እንዳይጎዳ ጥላሸት የተቀባ መስታወት ያዙ» ብለው ጻፉ። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይህ ዘጠኝ የማን ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«የፈረንጅ ነዋ የኔታ። ስድስት ይቀንሱለት፤ ጧት ሦስት ከሩብ።»

«የየት አገር ፈረንጅ?»

ሳቅሁባቸው። ፈረንጅ ሁሉ አንድ ሰዓት ያለው ይመስለኝ ነበር። ሱቄ የሚመጣው የፈረንጅ ሰዓት ሁሉ ስድስት ሲቀነስለት ከእኔ ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ ታዲያ ምን ልጠራጠር? ከቅጠሏ አናት ላይ «ግሪንዊች» የሚል ቃል በእንግሊዝ ፊደል ተጽፎ አይቻለሁ። በሰዓት ፊት ላይ እንደሚጻፈው የሠሪው ስም መሰለኝ። የሠሪው ስም! የኔታ ግን አልተዋጠላቸውም። ብዕሩን አቀበሉኝና የሰዓቱን ቦታ ባዶ ትተው «እንግዲያስ ሰዓቱን አንተ ሙላው፤ መሙላት የአንተ ሙያ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ሞላሁት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ብዬ በዚህ ሰነፍ እጄ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሕፈቴ ሞላሁት።

ሰኞ ጧት ቀሐ ሜዳ ለጥምቀት የወጣ ያህል ሕዝብ ሞላ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ፀሐይ ወለል ብላለች። ሦስት ተኩል ሆነ። ሰው ጥቁር መስታወቱን ከዓይኑ እያወረደ እኔን ማየት ጀመረ። «አያ ባለ ሰዓቱ፣ የፀሐይቱን ሞላ አላጠበቅህላትም መሰል!» አለ አንዱ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አራት ሰዓት ሲል ሕዝቡ እየተሳደበ ተበተነ፤ መስታወቱንም የሰበረ ሰበረ፣ የጣለ ጣለ። እኔ መነጽሩን ተሸክሜ አንገቴን ደፍቼ ወደ ሱቄ ሄድኩ። የኔታ «ትንሽ እንቆይ ልጄ፣ ትመጣለች» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ብቻቸውን ሜዳው ላይ ቀሩ።

ቀትር ላይ ሱቄ ውስጥ ብርሃኑ ገረጣ። ወጣሁ። የፒያሳ ጥላ ሁሉ ስል ሆኖ፣ ነፋሱ ቀዝቅዞ፣ ውሾች ዝም ብለው ነበር። ሴቶች እግዚኦ እያሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣሉ። ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ከሩብ። አየህ፣ ሰዓት ዛሬ አምስት ደቂቃ፣ ነገ ስምንት ደቂቃ ከሳተ ታሟል ማለት ነው። ልክ፣ ድፍን ሦስት ሰዓት ከሳተ ግን አልታመመም፤ ያስተካከለው ሰው ነው ያሳሳተው። ይህን ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ገና ያኔ፣ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አወቅሁ።

ከቀሐ የሚመለሱ ሰዎች ወሬውን ይዘው መጡ። የኔታን ብቻቸውን ሜዳው ላይ አይተዋቸዋል። ሰማይ ሰማይ እያዩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እየነኩ። ያሰሉ ነበር እኮ! ሰዓቱ ምን ያህል እንደሳተ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ነበር። ሰው ግን ያየው ሌላ ነው። «በሰዓቱ አልመጣ ቢላቸው አፍረው በድግምት ጠሩት! በሁዳዴ መግቢያ ፀሐይን አጨለሙብን!» ተባለ። ፀሐይ ሦስት ከሩብ ላይ ጨልማ ቢሆን ኖሮ ሊቅ ይባሉ ነበር። ስድስት ከሩብ ላይ ስለጨለመች ጠንቋይ ሆኑ። ሊቁን ጠንቋይ ያደረገው የእኔ ሦስት ሰዓት ነው።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ወደ ሜዳው ሮጥኩ? «ሰዎች፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት» አልኩ? የሱቄን በር ዞር ብዬ አየሁ፤ ማስታወቂያው ተለጥፏል። ያማረው ጽሕፈት የእሳቸው፣ የዶሮ ጫሪው ሰዓት የእኔ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሁለት እጅ እንደጻፈው ያያል። ቀደድኩት። ከበሩ ላይ ቀደድኩት፣ አራት አጠፍኩት፣ ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩት። ሰዓት ማሳሳት ስሕተት ነው፤ ስሕተት ማንም ይሠራል። መቅደዴ ግን ስሕተት አልነበረም።

በማግስቱ የደብሩ አለቃ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ደጀ ሰላም ሰብስበው አስጠሩኝ። የኔታ ጥግ ላይ ቆመዋል። አለቃው «ማስታወቂያውን ማን ጻፈው?» አሉ። የኔታ «ጽሕፈቱ የእኔ ነው» አሉና ወደ እኔ ዘወር አሉ። እውነት ነው፣ ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው፤ የቀረውን እኔ እንድጨርሰው ነበር ዝም ያሉት። ጠበቁኝ። በዚያች ቅጽበት የታየኝ ምን መሰለህ? የሱቄ መስኮት። «ሰዓት አያውቅም» የተባለ ሰዓት ሠሪ ማን ሰዓቱን ይሰጠዋል? የቀረውን አልጨረስኩላቸውም። አለቃው ቀጠሉና «እናንተ ዘንድ እኚህ ሰው ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኮከብ ይቆጥራሉ» አልኩ።

ሁለት ቃል ናት። ውሸት አይደለችም፤ ጠጠር እያኖሩ ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ለዚህ ነው የመረጥኳት። ስንት ዓመት ሙሉ ነፍሴን «አልዋሸሁም» እያልኩ በዚች አታለልኩ! ውሸት እንኳ ብዋሽ ይሻል ነበር። ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ አጉረመረሙ። የኔታ ነጠላቸውን አስተካከሉና መሬት መሬት አዩ።

ማስተማር ተከለከሉ። ተማሪዎቻቸው አኮፋዳቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጉባኤ ተበተኑ። ጾሙ ሳይጋመስ መጻሕፍታቸውን በአንዲት አህያ ጭነው አምባ ጊዮርጊስ እኅታቸው ዘንድ ገቡ። በወለቃ መንገድ ሲያልፉ ያየ ሰው ነገረኝ፤ እኔ አልሸኘኋቸውም። ማኅበሩም ፈረሰ፤ የቀሩት ባልንጀሮቻችን በመንገድ ሲያገኙኝ እንኳ የማያውቁኝ መሰሉ። ሥራዬ ግን አልተጓደለም። እንዲያውም ደራ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ወደ ደባርቅ ስሄድ አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ዳር ቆመ። ወርጄ እግሬን ሳፍታታ ከኋላዬ «ባለ ሰዓቱ! ምነው እንዲህ ጠፋህ ልጄ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከስተዋል እንጂ ያው የኔታ ናቸው። ጉንጬን ሳሙኝ። ሳሙኝ! ይወቅሱኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዘው ወደ ዳር ሳቡኝ፤ ዓይናቸው ያበራል።

«እንዴት እንደጠበቅሁህ! ስማኝ፤ ያቺ ቅጠል አልዋሸችም። ድፍን ሦስት ሰዓት ነው የዘገየብን፣ አይደል? ጠጠር ደርድሬ ደርድሬ ደረስኩበት። አንተ ስድስት የቀነስከው እዚህ እኛ አገር ያለ ፈረንጅ ሰዓት መስሎህ ነው። ቅጠሏ የተጻፈችበት አገር ግን ፀሐይ ከእኛ ሦስት ሰዓት ዘግይታ ነው የምትወጣላቸው። እንግዲህ ንጋት በየአገሩ ይለያያል ማለት ነው! አለ እንዲህ ያለ አገር? ልክ ነኝ?»

አንባቢ ሆይ፣ ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም። ስማቸውን መልስ አላሉኝም፣ ጉባኤያቸውን መልስ አላሉኝም። ከማንም ሳይማሩ፣ መጽሐፍ ሳያዩ፣ በገጠር ቤት ደጃፍ በጠጠር የደረሱበትን «ልክ ነዎት» የሚላቸው አንድ ሰው ብቻ ፈለጉ። በዚያ ዙሪያ ይህን የሚያውቅ ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም። ዓለም ሰዓቱን በግሪንዊች እንደሚቆጥር፣ እሱም ለንደን አጠገብ እንዳለ፣ ያኔ ካወቅሁ ቆይቼ ነበር። ልክ ነዎት ካልኩ ግን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። አጠገባችን ከጎንደር የመጡ ተሳፋሪዎች ቆመዋል።

«እንጃ የኔታ» አልኩ። «ነገሩን ረስቼዋለሁ።»

የዓይናቸው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ አልነግርህም። «ይሁን፤ ጊዜውም ረዝሟል» አሉ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ እፍኝ ቆሎ ፈተው «ለመንገድህ» ብለው እጄ ላይ አደረጉልኝ። እስከ ደባርቅ ድረስ ጨብጬው ሄድኩ፤ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም።

ባለፈው ክረምት ማረፋቸውን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከሱቅ ወጥቼ ያለ ምክንያት ፒያሳን እዞራለሁ። ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ማለት የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ ቆሎ ሰጥተው ሸኙኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው አልልህም፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወጣት አልነበርኩም።

ዛሬ ጧት ያንን ወረቀት ከደበቅሁበት የሰዓት ሳጥን ውስጥ አወጣሁትና ድሮ በነበረበት በሩ ላይ መልሼ ለጠፍኩት። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ሰው ቆሞ ያነባል፤ «ይህች ሰዓት ምነው በሌላ እጅ ተጻፈች?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ቀና ብዬ እመልስለታለሁ፦ እኔ ነኝ የሞላኋት፣ ተሳስቼም ነበር።

ልክ ነዎት፣ የኔታ። የለንደን ሰዓት ነበር።