ደረጃው ላይ የወረደው ቁጥር

የሳንባዬ ሕመም አብሮኝ እንደሚኖር ከተነገረኝ ወዲህ ኦክስጅን የምትለካው ትንሽ መሣሪያ ከቦርሳዬ ተለይታ አታውቅም። ጣቴ ላይ እሰካታለሁ፣ ቁጥር ታሳየኛለች፤ ከዘጠና በታች ከወረደ አደጋ ነው። ቁጭ ስል ደህና ነኝ። ጉዱ የሚመጣው ስራመድ ነው።

አምቦ ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሦስተኛ ፎቅ ላይ መደበኝ። ምድር ላይ ያለ ክፍል እንዲሰጠኝ ዳይሬክተሩን ብጠይቀው «የሐኪም ማስረጃ አምጪ» አለኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያው ወንበር ላይ አስቀምጦ ለካኝና «ዘጠና አራት። ደህና ነሽ» አለ።

«ስራመድ እኮ ነው የሚወርደው። እስቲ አራምደው ይለኩኝ» አልኩት።

«ወረፋ አለ፣ እህቴ።»

ጤነኛ ናት ብሎ ጻፈልኝ።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አነበበው። «ይኸው ቲቸር፣ ጤነኛ ነሽ! ሁሉም ምድር ላይ ልሁን ካለ ፎቁን ለማን ሠራነው?» ባልደረቦቼ ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«እንግዲያው አብረን እንውጣ» አልኩት።

እንቢ ለማለት አፍሮ ተከተለኝ። መሣሪያዋን ጣቴ ላይ ሰክቼ ደረጃውን ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው መንገድ ለቀቁልኝ፤ «ሱታ፣ ቲቸር፣ ሱታ» ይላሉ፣ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዤ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ መናገር አቃተኝ። ጣቴን ብቻ ዘረጋሁለት። ሰማንያ አንድ ይላል።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለና መሣሪያዋን ነቅሎ የራሱ ጣት ላይ ሰካት። ዘጠና ሰባት። መለሰልኝ፤ ከንፈሬ መጥቆሩን ሲያይ ግን ሮጦ ወንበር አመጣ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ «ለቲቸር አዝነንላት ክፍሏን ቀይረንላታል» ብሎ አስታወቀ። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ይሄኔ አልቻልኩም፣ ተነሣሁ።

«ማን እዘኑልኝ አላችሁ? እኔ የማስተምርበት ክፍል ነው የጠየቅኩት። ለዚህ ብዬ ተማሪዎቼ ፊት መታፈን ነበረብኝ? ስነግራችሁ ለምን አላመናችሁኝም?»

ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ከጎኔ የነበረችው መምህርት እጄን ያዝ አድርጋ «ይቅርታ፣ እኔም ስቄ ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ ምድር ላይ ባለው ክፍል ማስተማር ጀመርኩ። ንዴቱ ግን ዛሬም አልበረደልኝም።