ለእህቴ ምርቃት ወጥተን ከኮሶዬ ወዲህ የቀረን ዕለት

ልጅ እያለሁ ደባርቅ ውስጥ ድንኳን ያለን እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባዬ ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ ያበስል ስለነበር፣ አንድ ዓመት ወደ አገራቸው የሚመለሱ እንግዶች ሰማያዊ ድንኳናቸውን ትተውለት ሄዱ። ዚፑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይነክሳል፤ ወለሉ ሦስት ቦታ ተበስቷል፤ ውስጡ የላምባ፣ የሽንኩርትና የእርጥብ ሣር ሽታ አለው። ክረምት ሲወጣ አባዬ ግቢ ውስጥ ተክሎ ሲያናፍሰው ከሰፈር ልጆች ጋር ገብተን ዕቃ ዕቃ እንጫወትበት ነበር። ሁልጊዜም እናት የምሆነው እኔ ነኝ። ድንኳኑ የእኛ ስለሆነ ማንም አይከራከረኝም።

አምስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ታላቅ እህቴ ስርጉት ጎንደር ከሚገኝ ኮሌጅ በመምህርነት ልትመረቅ ሆነ። እኔ እታለም ነው የምላት። ከአባቴም ከእናቴም ወገን ከዚያ በፊት ኮሌጅ ደጃፍ የረገጠ አልነበረምና እቤታችን ሰርግ የተደገሰ ይመስል ነበር። ጎንደር ያለችን አንዲት ዘመድ የምትኖረው በአንዲት ጠባብ ኪራይ ክፍል ነው። በምርቃት ሰሞን ደግሞ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው። አባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ድንኳኑን ግቢዋ ውስጥ እንተክላለን» አለ።

«እንዴ!» አለች እማዬ። «ሰዉ ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣብናል!»

አባዬ ሳቀ እንጂ ሐሳቡን አልቀየረም። እኔማ ደስታዬን የት ልቻለው! ለክፍል ጓደኞቼ የፋሲልን ግንብ አይቼ፣ ጎንደር ከተማ መሀል ድንኳን ውስጥ አድሬ እንደምመጣ ስነግራቸው ሰነበትኩ።

ያልተጠበቀው ነገር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ። አንድ ሽማግሌ የበግ ፀጉር ቆብ አድርገው፣ ረጅም ዱላ ይዘው ግቢያችን በር ላይ ቆሙና «ቤቶች!» አሉ። የአባቴ አባት፣ አባባ ደምሌ ነበሩ። ከጃናሞራ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት። ከዚያ በፊት ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። ምክንያቱን ከትልልቆቹ ወሬ ለቃቅሜ አውቀዋለሁ። እታለም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች እሳቸው ዘንድ ነበረች፤ እዚያው ለአንድ ወዳጃቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጡ። አባዬ ወሬውን እንደሰማ ገስግሶ ሄደና እህቴን ይዞ ደባርቅ ገባ፤ ትምህርት ቤትም አስመዘገባት። አባባ ደምሌ በአገሩ ሰው ፊት ቃላቸው ታጠፈ፤ አባትና ልጅም ከዚያ ወዲያ በፋሲካ እንኳ ሳይጠያየቁ ዓመታት አለፉ። አባዬ ለምርቃቱ የላከባቸው ለወጉ ያህል ነበር። ይመጣሉ ብሎ አላሰበም።

እማዬ እግራቸውን አጠበች፤ ምግብም አቀረበች። ከ«ይብሉ» እና ከ«ይጠጡ» ያለፈ ቃል ግን ከአፏ አልወጣም።

አርብ ረፋዱ ላይ በአውቶቡስ ተነሣን። ያኔ መንገዱ ፒስታ ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃ። እማዬ ለእታለም የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች። ሙቀቱና ሽታው አውቶቡሱን ሁሉ ሞልቶት የማያውቁን ሰዎች ሳይቀሩ «የምን ደግ ነገር ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። «ልጃችን ልትመረቅ!» ይላል አባዬ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። ዳባት ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ በረዶ ሆነ። ኮሶዬ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊታችን የነበረችውን ትንሽ ድልድይ ጎርፍ ወስዷታል። በቦታዋ ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይጮኻል።

ሹፌሩ አምባ ጊዮርጊስ ተመልሶ እንደሚያድር ተናገረ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ቦታ ቦታውን ያዘ። አባዬ ግን ቆመ። «እዚሁ እናድራለን» አለ። «ውሃው እስከ ንጋት ይጎድላል። ተሻግረን ከማዶ መኪና ይዘን፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ምርቃቱ ሲጀመር አዳራሽ ነን። ድንኳን እኮ አለን!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች እማዬ።

«የለም፣ አንቺ አታውቂም። እኔ የዝናብ ሰው ነኝ።»

አውቶቡሱ ዞሮ ሄደ። በመስኮቱ የሚያዩን ሰዎች ፊት ዛሬም አይረሳኝም፤ ገሚሱ ይስቅ ነበር፣ ገሚሱ ያዝንልን ነበር። መንገዱ ዳር ያለው መሬት ባለቤት፣ አንድ ደግ ገበሬ፣ ማሳው ጠርዝ ላይ እንድንተክል ፈቀደልን። እቤቱም እንድንገባ ለመነን፤ አባዬ ግን አመስግኖ እንቢ አለ። ከዚያ ድንኳኑን ከከረጢቱ ዘረገፈው። ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ የለም። በላዩ የሚለብሰው የዝናብ መከላከያም የለም። ሁለቱም ደባርቅ፣ ከአልጋ ስር ቀርተዋል። አባዬ ባዶውን ከረጢት ሦስት ጊዜ ገልብጦ አራገፈው።

አባባ ደምሌ ዱላቸውን አምጥተው ድንኳኑ መሀል እንደ ምሰሶ አቆሙትና «ግቡ» አሉ። ገባን። ከላይ ያንጠባጥባል፤ ከታች በሦስቱ ቀዳዳዎች ውሃ ይመነጫል። እማዬ ዳቦውን ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ እያሸሸች የምታስቀምጥበት ደረቅ ቦታ አጣች። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ጋቢያቸውን አወለቁና ዳቦውን ጠቀለሉት፤ በተረፈው ጫፍ የእኔን እግር ሸፈኑ። እሳቸው በስስ ኮታቸው ቀሩ። እማዬ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ቆይታ የራሷን ነጠላ አንስታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

ሲነጋ ጉም እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ድምፁን ግን እንሰማለን፤ ውሃው አልጎደለም። አባዬ እላይና እታች እየሮጠ መሻገሪያ ፈለገ፤ እስከ ጭኑ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ተኩል ሆነ። አባዬ ሰዓቱን እያየ ይቆማል፤ ይቀመጣል። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን እማዬ ፊቷን ወደ ጎንደር አቅጣጫ አዙራ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ዛሬ ስናገረው አፍራለሁ፤ እኔ ያለቀስኩት ግን ለእታለም አልነበረም። ግንቡን ሳላይ በመቅረቴ፣ ለጓደኞቼ ምን እላለሁ ብዬ ነበር። አባዬ ሁለታችንንም አየና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ያን ያህል ዝቅ ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር። የመለሰለት አባቱ ነው። «የእኔን ጥፋት አንተ አረምከው። የአንተን ደግሞ እግዜር ያርመዋል» አሉት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉሙ ተገፈፈ። ከማዶ ሁለት ሚኒባሶችና አንድ የጭነት መኪና መንገዱ ተቆርጦባቸው ቆመዋል። ከተሳፋሪዎቹ መሀል ጥቁር ረጅም ልብስ የለበሰች ሴት ቁልቁል ወደ ውሃው ትመጣለች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ራሷ ላይ ፌስታል አድርጋለች። መጀመሪያ መነኩሴ መስላኝ ነበር። ከዚያ እጇን አውለበለበች።

«እታለም!» ብዬ ጮህኩ። «እታለም ናት!»

ጋዋኗን ለብሳ ነበር የመጣችው። ስሟ ተጠርቶ ከመድረክ ስትወርድ በዓይኗ ፈልጋ አጥታን፣ ከአዳራሹ በቀጥታ መናኸሪያ ሄደች። እዚያ መንገዱ መቆረጡን ስትሰማ ጎርፍ የወሰደን መስሏት ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ይህን ሁሉ የነገረችን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት እሷ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ሆነን ብንጮህም ከውሃው ድምፅ በቀር የምንሰማው አልነበረም።

አባባ ደምሌ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ዱላቸውን ነቅለው ወጡ። ድንኳኑ ዳቦውን ልታወጣ ጎንበስ ያለችው እማዬ ላይ ተደፋ። እሷ ከሰማያዊው ጨርቅ ስር እየተንፈራገጠች «ኧረ ምን ጉድ ነው!» ስትል፣ ሽማግሌው ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገብተዋል። አባዬ «አባቴ፣ ይተዉ! ይመለሱ!» እያለ ሮጠ። የሚሰሙት አልሆኑም። የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ ውሃ ያውቃሉ። ዱላቸውን ከላይ በኩል እየተከሉ፣ በእግራቸው ድንጋዩን እየዳበሱ፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ውሃው እስከ ጉልበታቸው፣ ከዚያ እስከ ወገባቸው መጣ። እማዬ ከድንኳኑ ስር ወጥታ እጄን አጥብቃ ይዛ «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» ትላለች። ማዶ ሲደርሱ ከመኪናዎቹ የወረደው ሰው በሙሉ እልል አለ።

እታለም አወቀቻቸው። ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል ክንዷን ይዘው አቆሟት። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። የሽማግሌው ቆብ በእጃቸው መሆኑን፣ የእሷም ትከሻ መንቀጥቀጡን ግን አየን።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃው ሲጎድል ገበሬው በቅሎውን አምጥቶ ሁለቱንም አሻገራቸው። አባዬ እታለምን ከበቅሎዋ አውርዶ መሬት ሳያስነካት ብዙ ቆየ። ጋዋኑ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ የምርቃት ቆቧም ረጥቦ አንድ ጎኑ ተጣሟል። እማዬ ከጋቢው ውስጥ ዳቦውን አወጣች። ዳር ዳሩ ረጥቧል፤ መሀሉ ደህና ነው። ገበሬውና ሚስቱ መጡ። ከማዶ የተሻገሩ መንገደኞችም ቆሙ።

አባባ ደምሌ ዳቦውን ከመቁረሳቸው በፊት «እዚያ ማን መረቀሽ?» ብለው ጠየቋት።

«የኮሌጁ ዲን፣ አባባ።»

«ሽማግሌ ነው?»

«አይ፣ ብዙም አይደለ።»

«እንግዲያማ አልተመረቅሽም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ አንቺን ሳልጠይቅ ባንቺ ላይ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ እዚህ ትደርሳለች ብዬ አላውቅም ነበር። አባትሽ አወቀ። ይቅር በይኝ። የጨበጥሽው ይባረክ፤ የረገጥሽው ይለምልም። ያስተማርሻቸው ልጆች ያኩሩሽ። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።»

«አሜን!» አልን። እማዬ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእታለም አልሰጠችም። ለሽማግሌው አጎረሰቻቸው።

እኔ በዚያ ዓመት ጎንደርን ሳላይ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ። ለጓደኞቼም ግንቡን አይቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። አባባ ደምሌ ከዚያ በኋላ ሁለት ፋሲካ እኛ ቤት አከበሩ፤ ሦስተኛው ላይ አልደረሱም።

ዓመታት አልፈው እኔም ጎንደር ተመረቅኩ። አሁን መንገዱ አስፋልት ነው። ያ ውሃ የነበረበት ቦታ ሰፊ ድልድይ ተሠርቶበት፣ አይተሽዋል ቢሉኝ «የቱ ጋ?» እስክል ድረስ መኪናው በርሮ ያልፈዋል። ቤተሰቤ ጠዋት ከደባርቅ ተነሥተው አንድም ሳይጎድሉ በሰዓቱ ደረሱ። ከፊት ረድፍ ተቀመጡ፤ በሞባይል ፎቶ አነሡኝ፤ ምሳ ሆቴል በላን፤ ማታ እቤታቸው ገቡ። የጎደለ ነገር አልነበረም። ያ ምሳ ምን እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ ግን አላስታውሰውም።

የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው «ሁላችሁም ተጠጉ፤ የቀረ ሰው አለ?» ሲል እማዬ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «አይ አባባ ደምሌ» አለች፤ ለሚቆሙበት ያህልም ከጎኗ ፈቀቅ ብላ ቦታ ተወች።