የሀዳስ የመጀመሪያ ሥራ

ማንያዘዋልን በእስራኤሏ ቤርሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር የማያውቀው የለም። ራፓድ ነው፤ ያረጀ ሶፋ ገፎ አዲስ ጨርቅ የሚያለብስ። ሱቁ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ በሁለት ብሎኮች መሀል ተሸጉጧል። በሩን ከፍቶ፣ አፉን በምስማር ሞልቶ ሲሠራ አላፊ አግዳሚው "ሻሎም" ቢለው በቅንድቡ ነው የሚመልሰው።

ከበሩ አጠገብ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰች አንዲት ባለመደገፊያ ወንበር አለች። አትሸጥም። እ.ኤ.አ. በ1991 እዚህ አገር በገባ ጊዜ ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ "ኒሳዮን አለህ?" ልምድ ማለታቸው ነው። "በዚህ አገር ምን ሠርተሃል? አሳየን።" ትናንት የመጣ ሰው ምን ያሳይ? ሦስት ዓመት ፋብሪካ ጠረገ። በመጨረሻ አልበር የሚባል ሞሮኳዊ ሽማግሌ ራፓድ ምንም ሳይጠይቀው ይህችን ወንበር ወደ እሱ ገፋ አደረጋት።

"በል አበላሻት" አለው። "ስታበላሻት ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

አላበላሻትም። አልበር ሲሞት ወንበሯን ለእሱ ተወለት። ማንያዘዋል ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ ሲያወራ ኖሯል። ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ የገዛ ጆሮው ብቻ አልሰማውም።

በ2009 የሶፋው ሥራ ቀዘቀዘ። ሰው ባለሙያ የሚፈልገው በኮምፒውተር ሆነ። የእህቱ የስንቄ ልጅ ሀዳስ በዚያው በከተማው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ገና መመረቋ ነበር። በስድስት ዓመቷ የመጣች ልጅ ናት፣ ውትድርናዋንም ጨርሳለች። የሌላው ሰው ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ በዕብራይስጥ ይመልሳል። እሷ ግን ከአጎቷ ጋር ስትሆን በተሰባበረ አማርኛዋ ትታገላለች፤ እሱ ይስቅባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

"አጎቴ፣ ኮምፒውተሩ አያውቅህም" አለችው አንድ ቀን።

"እኔስ መቼ አወቅሁት?"

"አትቀልድ። አምስት ቦታ ሥራ ጠየቅሁ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ። 'ምን ሠርተሻል? አሳዪን።' የትምህርት ቤት ሥራ አይቆጥሩም። አንድ እውነተኛ አታር ያስፈልገኛል፣ እውነተኛ ነጋዴ የሚሠራበት ድረ ገጽ። ያንተን ስጠኝ።"

"ውሰጂ" አላት። እንዲህ በቀላሉ።

ሦስት ሳምንት ሱቁ ውስጥ በስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጣ ሠራች። ምን ዓይነት ቀለም ትወዳለህ ብላ አልጠየቀችውም።

"ሰው ሲደውል መጀመሪያ ምን ይልሃል?"

"ስንት ነው ይላል።"

"ቀጥሎስ?"

"ሶፋው በበሩ እንዴት ይወጣል ይላል። ሁሉም ሰው በሩን ይፈራል።"

ጻፈችው። ደንበኞቹንም እየጠበቀች ጠየቀች። ሶፋዎቹን ሳይገፈፉና ከለበሱ በኋላ ፎቶ አነሳች፤ እጆቹንም፣ መዶሻውንም። ከፊተኛው ገጽ ላይ አረንጓዴዋን ወንበር አደረገች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ፣ መደገፊያዋን ይዞ።

"በዚህ ጺም?"

"በዚሁ ጺም!"

ጨርሳ በዲስክ ሰጠችው። የቀረው ድረ ገጹን ከሚያወጣው ድርጅት ጋር ባለሱቁ መፈረም ብቻ ነበር። "ነገ እፈርማለሁ" አላት።

በዚያው ሳምንት በአንድ ሠርግ ላይ አጠገቡ የተቀመጠ የሩቅ ዘመድ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። "ፈረንጅ የሐበሻ ፊት አይቶ ሶፋውን ያስረክባል? አይ አንተ! ለሥራ ፈረንጅ ያዝ" ብሎ ጊዲ የሚባል የአንድ ድረ ገጽ ሠሪ ካርድ አወጣለት።

ጊዲ ከለሃቪም፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ በመኪናው መጣ። አልተቀመጠም። የሀዳስን ሥራ አንድ ጉንጭ ውኃ ለመዋጥ የሚበቃ ጊዜ ያህል አየና "ማን ሠራው?" አለ።

"አንዲት ልጅ ናት" አለ ማንያዘዋል። "ልምድ የላትም።"

የእህቴ ልጅ እንኳ አላለም። አንዲት ልጅ!

"ማኒ፣" አለው ጊዲ፣ ስሙን ባንድ አፍታ ከርክሞ፣ "አትቀየመኝ፤ ሰው ሶፋ ማየት ነው የሚፈልገው እንጂ አንተን አይደለም። ለእኔ ተወው።"

ማንያዘዋል ጊዲን ከዚህ በፊት ምን ሠራህ አላለውም። ማን ያውቅሃል፣ ማንን ልጠይቅ አላለውም። ካርድ አለው፣ መኪና አለው፣ ነጭ ነው፤ በቃ! ልምድሽን አሳዪ የተባለችው ሥራዋን አጠናቃ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ልጅ ናት። ሀዳስ የመረጠችውን የድረ ገጹን አድራሻ እንኳ በወረቀት ጽፎ ለጊዲ አስረከበው።

ለእሷስ ነገራት? አልነገራትም። "ነገ እነግራታለሁ" እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ የጊዲም ገጽ በዚያው አድራሻ ወጣ። በእኛ ዘንድ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ሰውን በዝምታ ገደል መስደድ ግን ጨዋነት ይባላል።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"አጎቴ! ባቡር ላይ ነኝ፣ ወደ ቴል አቪቭ። ትልቅ መሥሪያ ቤት ለሥራ ሊያነጋግረኝ ጠርቶኛል። የቤታችን የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦ ማየት አልቻልኩም፤ የሠራሁት ወጣ?"

ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋ። አሁን ይንገራት። አሁን!

"አዎን" አለ። "ወጥቷል።"

"ተባረክ!" አለች። ባቡሩ ድምጿን ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ ስንቄ ሰላምታ ሳትሰጥ ገባች።

"ወንድሜ፣ ልጄ ዋሾ ናት?"

"ምን ሆነሽ?"

"ሠራሁት ብላ አድራሻውን ለቴል አቪቮቹ ሰጠቻቸው። ዓይኗ እያየ ከፈቱት። ነጭ ሶፋ ላይ ነጭ ሴት ተቀምጣለች። ከግርጌው 'ጊዲ ሠራው' ይላል። ሰውየው ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለ። ፈገግ! ቢሰድባት ይሻላት ነበር።"

"ልነግራት ነበር እኮ፣ ይሉኝታ ይዞኝ..."

"ለማን ነው ይሉኝታው? ለጊዲ ነው? አልበር፣ አልበር ስትለን ኖርክ። አልበር ባዳ ነበር። አንተ ሥጋዋ ነህ!"

ወጣች። ማንያዘዋል የዚያን ቀን አንድም ምስማር አልመታም።

ከወር በኋላ ያኤል የምትባል ሴት ከጊዲ ገጽ ላይ ያተመችውን ወረቀት ይዛ መጣች። ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየችና "ማኒ የት አለ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ባለቤቱን ነው የምልህ።"

"ባለቤቱም እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን ዘረጋችለት። "እንዲህ ያለ እፈልጋለሁ።"

"ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም" አላት።

"ታዲያ የማን ነው?"

"እኔ እንጃ። ከሌላ አገር የመጣ ሥዕል ነው።"

"ታዲያ ሰው ለምን ታታልላለህ?"

ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። ያኤል ልትወጣ ስትል እግሯ ከአረንጓዴዋ ወንበር ጋር ተጋጨ። ጎንበስ ብላ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው።

"ይህችንስ ማን ሠራት?"

"እኔ።"

"ይህችን ብታሳየኝ ኖሮ ሶፋዬን ጭኜ ነበር የምመጣው" ብላ ሄደች።

ይህችኑ ነበር እኮ ሀዳስ ፊት ያስቀመጠችው። ከነጺሙ።

ማንያዘዋል የጊዲን ገጽ አስነሳ። ቅዳሜ ከምኩራብ ሲወጣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ እህቱ ቤት ገባ። ሀዳስ በሥራ ፍለጋ ደክማ አንድ የስልክ ድርጅት ውስጥ የደንበኛ ስሞታ ማዳመጥ ጀምራለች። ማንያዘዋል አልተቀመጠም።

"የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለ፣ ሁሉም እየሰማ። "ልጄ አልዋሸችም። ለዚያ ለቴል አቪቩ ሰውዬ ልደውል፣ ካስፈለገም በእግሬ ልሂድ።"

ሀዳስ ራሷን ነቀነቀች። ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል።

ሽማግሌዎቹ "ይቅር በይው" አሏት። ተነሥታ እንደ ወጉ ትከሻውን ሳመችው። ቀጥላም በዕብራይስጥ፣ በጠራና በለዘበ ዕብራይስጥ፣ ለስልክ ደንበኞቿ በምትናገርበት አንደበት "ሃኮል ቤሴደር፣ ዶድ" አለችው፤ ሁሉም ደኅና ነው፣ አጎት።

ተሰባብራ የምትመጣውን "አጎቴ" የምትለዋን ቃል ጠበቃት። አልመጣችም።

"ሥራሽን ላውጣው?" አላት።

"አውጣው" አለች፣ አሁንም በዕብራይስጥ። "ስሜን ግን ከግርጌው አንሳልኝ።"

የሀዳስ ገጽ ወጣ። አረንጓዴዋ ወንበርም፣ ጺሙም፣ ስለ በሩ የጻፈችውም። ሰው ከሌላ ከተማ፣ ከኦፋኪም ሳይቀር ሶፋውን ጭኖ ይመጣል። አንዳንዱ ነጋዴ ሲሆን "ገጽህን ማን ሠራልህ?" ይለዋል። ለዚህ ጥያቄ ማንያዘዋል በቅንድቡ አይመልስም፤ ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ይተፋል።

"ሀዳስ ናት፣ የእህቴ ልጅ።"

"ስልኳን ስጠኛ።"

"አሁን ሌላ ሥራ ላይ ናት" ይልና ምስማሮቹን አንድ በአንድ ወደ አፉ ይመልሳል።